አራት ጣት ክፍተት

«እዚህ ይሁን ወይስ ብብቴ ሥር?» አለች ባለ ፋርማሲዋ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ክንዷን ወደ ላይ ሰቅላ።

«ብብት ያልበዋል፣ ወረቀት ደግሞ ላብ አይወድም» አለች ልብስ ሰፊዋ። በከንፈሮቿ መሀል ስፒል ነክሳ ስለነበር ቃሎቹ ተጣመው ነው የወጡት። «ከጀርባ፣ ከወገብሽ ትንሽ ከፍ አድርጌ እሰፋልሻለሁ። ስትቀመጪ ይጎረብጥሻል።»

«ቢጎረብጠኝስ?»

«ከጎረበጠሽ አለ ማለት ነው። መደንገጥ ያለብሽ መጎርበጡን የተወ ዕለት ነው።»

ባለ ፋርማሲዋ ከት ብላ ሳቀች። ሰፊዋ አልሳቀችም፤ ይህን ቀልድ በዚህ ሳምንት ብቻ ለስንት ሰው እንደነገረችው እንጃላት። ካፖርቱን አስወለቀቻትና ገበሩን በምላጭ ትተረትር ጀመር።

ምርጫው እሑድ ነው። ዛሬ ሐሙስ ሲሆን፣ ሰፊዋ ከሰኞ ጀምሮ ቀሚስ የሚባል ነገር በእጇ አልገባም። ሰዉ የሚያመጣላት ያለውን አሮጌ ልብስ ነው፤ የሚፈልገውም ከገበሩ ሥር ማንም የማያየው ኪስ ነው። ባንኮቹ በቀን ከዚህ በላይ አናወጣም ማለት ጀምረዋል። ወርቅ ቤቶቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው ነው የሚሸጡት። ዘይትና ዱቄት ከሱቅ ጠፍቶ ከየሰው አልጋ ሥር ገብቷል። አልጋ ሥር የማይገባውን ደግሞ ሰዉ ይዞት መሮጥ እንዲችል ገላው ላይ ማሰር አማረው። ይህን ሥራ በሰፈሩ ከሷ የተሻለ የሚችለው የለም።

የራሷ ደንብ አላት። ገንዘብ ይዞ የመጣ ደንበኛ እንደመጣ ይመለሳል። ይዞ መምጣት ያለበት ሊደብቀው ባሰበው ገንዘብ ልክ የታጠፈ ጋዜጣ ነው። በጋዜጣው ለክታ ኪሱን ትሰፋለች፣ ገበሩን መልሳ ትገጥማለች፣ በስተመጨረሻ ግን አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ሳትሰፋ ትተዋለች። ከዚያ ክር የገባበት መርፌ ለባለቤቱ ትሰጥና ወደ ጓሮ ትወጣለች። ባለቤቱ ብቻውን ሆኖ ያለውን ይከታል፣ ያቺን አራት ጣት እንደምንም ራሱ ሰፍቶ ይዘጋል፣ ሲያበቃ «ጨርሻለሁ!» ብሎ ይጣራል። ደንበኛ የሰፋት አራት ጣት ታስቃለች፤ አንዳንዱማ እንደ ጆንያ አፍ ነው ጠቅጥቆ የሚሰፋት። ሰፊዋ ግን አስተካክላ አታውቅም፤ ዞር ብላም አታያትም።

«ለምንድነው የምትወጪው?» አለቻት ባለ ፋርማሲዋ፣ መርፌውን ስትቀበል። «እኔ እኮ አምንሻለሁ።»

«እመኚኝ፣ ምን ከፋኝ። ያላየሁትን ነገር ግን ማንም ደብድቦ አያናግረኝም» አለችና በጓሮ በር ወጣች።

ይህን ደንብ ያወጣችው ካለፈው ምርጫ በኋላ ነው። ያኔ ሱቅ ነበራት፤ ዋናው መንገድ ላይ፣ የመስታወት በር ያለው። አከራዩ የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ይቀንሳል ሲባል ከባሏ ጋር ተማከሩና ያላቸውን አራግፈው ከፈሉ። ሁለት ወር እንኳ በወጉ አልሠራችበትም። ውጤቱ በተነገረ ማግስት ያ ረድፍ ሱቅ እንዳለ ተቃጠለ። ሁለት የስፌት መኪና፣ የሰው ጨርቅ፣ ተሰፍቶ ያለቀ የሙሽራ ልብስ፣ ሁሉም አመድ ሆነ። አከራዩ «እኔስ አልተቃጠልኩም?» አለና ነገሩ በዚያው ቀረ። ሰዎች ሊያጽናኗት ሲሰበሰቡ እሷ እንባ የሚባል ነገር አልመጣ አላት። ወንበር ጎድሎ ከጎረቤት ስታስመጣ፣ ለእንግዳ ውሃ ስትቀዳ ዋለች። «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት!» ተባለላት። ምን ጥንካሬ አለው፣ ደንዝዛ ነው እንጂ። ብዙ የተቀመጡበት እግር የሚደነዝዘው ነገር አለ አይደል? እንደዚያ ሆና ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ለነገ ብላ የምትከፍለው ነገር የለም። ሥራዋን ወደ ቤቷ የፊት ክፍል አዛወረች። ክር እንኳ አንዱ ጥቅል ሲያልቅ ነው ሌላ አንድ የምትገዛው። ስኳር በትንሽ ላስቲክ፣ ሳሙና አንድ ፍሬ። ልጇ ሁለት ሳሙና ይዛ የመጣች እንደሆነ «ምን አስቸኮለሽ? ነገም ሱቅ አለ» ትላታለች። ነገ ሱቅ መኖሩን ግን አታምንም፤ ስለማታምን ነው አንድ የምትገዛው። ቤተሰቡ ተላምዶታል።

ባለ ፋርማሲዋ ወጥታ ጡረተኛው መምህር ሱሪያቸውን በክንዳቸው ይዘው ገቡ። ያመጡት የታጠፈ ጋዜጣ ጡብ ያህላል።

«ጋሼ፣ ይህን እኮ ሱሪ አይችለውም።»

«ምነው፣ በዛ እንዴ?» አሉ መምህሩ፣ ፊታቸው በርቶ።

«ቀበቶዎ ይበጠሳል።»

«እንግዲያው ቀነስ አድርጊው። የቀረውን ሌላ ቦታ እናስቀምጠዋለን፣ ምን ይደረግ!»

የጡረታቸውን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ወሩ ሳይጋመስ ነው የሚያልቀው። ሰፊዋ ባሉት ልክ ሰፍታ መርፌውን ሰጠቻቸውና ወጣች። ስትመለስ ኪሱ ሞልቷል፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጋዜጣ ግን የለም። ሽማግሌው የከተቱት ጋዜጣውን ራሱን ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቷን ይበሏት ነበር። አሁን ሒሳቧን ተቀብላ «በደህና ይግቡ ጋሼ» ብላ ሸኘቻቸው።

መምህሩ ሲወጡ ልጇ ገባች። እቤት «ሚጢ» ነው የሚሏት፤ ቁመቷ አባቷን ካለፈ ቆይቷል፣ ስሙ ግን አልተለወጠም። የነርስነት ዩኒፎርሟን አጣጥፋ ይዛለች።

«እማዬ፣ ይቺን ታሳጥሪልኛለሽ? የምትገዛኝ ልጅ አጠር ያለች ናት።»

ሰፊዋ ከመኪናው ቀና ሳትል «ወደ ውስጥ ልጠፈው ወይስ ልቁረጠው?» አለች።

ልጅቷ የዩኒፎርሙን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። «ቁረጪው» አለች። «ለኔ ተመልሶ አይመጣ።»

«እሺ፣ አስቀምጪው። የአባትሽን ኮት ላስቀድም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጢ የነርስ ኮሌጅ ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ኮሌጁ የዓመቱን ክፍያ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቢሮ እስኪዘጋ ያልከፈለ ተማሪ ቦታውን ያጣል ብሏል። የተከፈለ ደግሞ ምንም ቢመጣ አይመለስም። ገንዘቡ አለ፤ ባልና ሚስት ከወር ወር እያጠራቀሙ ባንክ ያስቀመጡት ነው። ግን ካለፈው ምርጫ በኋላ ኮሌጆች ዓመቱን ሙሉ ተዘግተው እንደከረሙ ማን ይረሳል? ባሏ ሹፌር ነው፣ የሚያሽከረክረው ሚኒባስ ግን የሰው ነው። ባለ መኪናው «ነገሩ እስኪለይ» ብሎ መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁሞ ቁልፉን ከወሰደበት ሳምንት አልፎታል። ስለዚህ ሹፌሩ አሰበና ገንዘቡ ይውጣ፣ በእጃችን ይሁን፣ ከተማው ከታወከ እህቴ ጋ ገጠር ወርደን እንከርምበታለን አለ። ሚስቱ «እንዳልክ» አለች። ልጅቷም «እኔ ለከርሞ እደርሳለሁ» አለች። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ማንም አላለቀሰም። የፍራሽ ልብስ ቀለም የሚመርጡ ነበር የሚመስሉት።

«ወይ ስሜን ልፍታው እስከዚያ» አለች ሚጢ፤ ዩኒፎርሙን መልሳ አነሳችው። ደረቱ ላይ ስሟ በሰማያዊ ክር ተጽፏል፤ የጻፈችው እናቷ ነች። ልጅቷ ምላጭ ያዘችና ወደ ጓሮ ወጣች።

ሹፌሩ ከባንክ ሰልፍ የተመለሰው ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በሩን ከውስጥ ቀረቀረ፣ ከሸሚዙ ሥር አንድ ጥቁር ላስቲክ አወጣ፣ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ወጣልህ?» አለች ሚስቱ።

«ወጣ። ገንዘብ ከፋይዋን ልጄ ታማብኝ ነው ብዬ ዋሸኋት። እግዜር ይማርልዎት አለችኝ ምስኪን።»

«እንኳን ወጣ።»

«ሚጢስ?»

«ዩኒፎርሟን ልትሸጥ ነው። አሳጥሪልኝ ብላኛለች።»

«ጎሽ» አለ ሹፌሩ። ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ይመስል ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። «ማለቴ፣ ጎበዝ ልጅ ናት ለማለት ነው።»

«ገብቶኛል። ኮቱን ወዲህ በል።»

ኮቱን ተቀብላ ገበሩን ተረተረች። ጋዜጣ አልጠየቀችም፤ ላስቲኩን በዓይኗ ለካችው። ኪሱን ሰፋች፣ ገበሩን መለሰች፣ ከወገብ በላይ አራት ጣት ተወች። መርፌ ላይ ክር አስገብታ ቋጠረችና ሰጠችው። ከዚያ ተነስታ የጓሮውን በር ከኋላዋ ዘግታ ወጣች።

ጓሮው ጠባብ ነው፤ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የውሃ በርሜልና አንድ ዱካ ነው ያለው። ሚጢ ዱካው ላይ ተቀምጣ ዩኒፎርሙን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስሟን ትፈታለች። ጨርቁን እንዳይነካው ምላጩን አጋድማ፣ አንድ አንዷን ክር በጥፍሯ እያነሳች ነው። እናቷ እንዳስተማረቻት ነው የምትሠራው፣ ምንም አላጎደለችም። ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ደንበኛ መጣ እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«አይ፣ አባትሽ ነው። ገንዘብ እየከተተ ነው።»

«የማንን?»

«የማንን ማለት?»

«የማንን ገንዘብ ነው የሚከተው?»

«የኛን ነዋ።»

ልጅቷ ምላጩን አቆመችና ቀና ብላ አየቻት። «ታዲያ አንቺ ለምን ወጣሽ?»

ሰፊዋ ወደ ዘጋችው በር ዞራ አየች። «ውጪ» ያላት ሰው የለም። እግሯ ራሱ ነው ይዟት የወጣው፣ እንደማንም ደንበኛ መርፌ ሰጥታ፣ በር ዘግታ። የራሷን ባል፣ የራሷን ገንዘብ፣ የልጇን ዓመት ጥላ ጓሮ ቆማ «ጨርሻለሁ» እስክትባል ትጠብቃለች። ቅድምም ልጇ ዩኒፎርሟን ስትዘረጋላት የጠየቀቻት ነገር ትዝ አላት። ልጠፈው ወይስ ልቁረጠው!

የደነዘዘ እግር ሲለቅ መጀመሪያ ያማል፣ ውርር እያደረገ። ሰፊዋን ያኔ እንደዚያ አደረጋት፣ ከእግሯ ሳይሆን ከደረቷ። ቁጭ ልትል ፈለገችና መቀመጫ አጣች።

«እማዬ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። እሱን መፍታትሽን ተይው» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሹፌሩ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመርፌው ጋር ይታገላል። ሁለት ቦታ ሰፍቷል፣ አንድ ጣቱን ወግቶ ይመጠዋል።

«ገና ነኝ» አለ ሳያያት። «ይሄ ነገር ከመሪ ይብሳል፣ እሺ? እናንተ ሴቶች...»

«ተወው። አትዝጋው።»

«ልጨርስ እኮ ነው።»

«አትዝጋው አልኩህ። እንክፈልላት።»

ሹፌሩ ጣቱን ከአፉ አወጣ። «ምን አልሽ?»

«ቢሮው እስኪዘጋ ሰዓት አለ። ሄደን እንክፈልላት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ? የተነጋገርነውን? ሰኞ ኮሌጁ ቢዘጋስ? ባለፈው ስንት የሰው ልጅ ከፍሎ ቤቱ እንደተቀመጠ አላየሽም? ሱቁንስ ረሳሽው?» ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «ያኔም እኮ እንክፈል ያልሽው አንቺ ነሽ» አለ።

አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ይህን ነገር አንስቶባት አያውቅም። ሰፊዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አልረሳሁም።»

«ታዲያስ?»

«ልጅቷ ዩኒፎርሟን አሳጥሪልኝ ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? ልጠፈው ወይስ ልቁረጠው አልኳት። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። አሁን ደግሞ የገዛ ገንዘባችን ላይ መርፌ ሰጥቼህ ወጣሁ። ልጄ ናት ለምን ወጣሽ ያለችኝ።» የጠረጴዛውን ጠርዝ ለቀቀችው። «ፈርቻለሁ።»

«ምርጫውን?»

«ራሴን።»

ሹፌሩ እንዲህ ስትል ሰምቷት አያውቅም። መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካው።

«ግማሹን ብንሰጣቸውስ?»

«ግማሽ አይቀበሉም።»

«መኪናው ቆሟል። ያንቺም የኪስ ሥራ እሑድ ያበቃል።»

«አውቃለሁ።»

«እህቴ ጋ መሄጃስ?»

«መሄጃው ይተርፈናል። የማይተርፈው መክረሚያው ነው።»

«ብንራብ?»

«እንራባለን» አለች። ስትለው እንባዋ መጣ። ባሏ የሚያደርገው ጠፋውና ጥቁሩን ላስቲክ ከኪሱ ውስጥ መጎተት ያዘ፤ ሁለቷን ስፌት በጠሳት። የሰፋው ራሱ ስለሆነ ለመበጠስ አላስቸገረም።

«ሚጢን ጥሪያት» አለ። «መታወቂያዋን ትያዝ። እግዜር ይሁነን እንግዲህ።»

ሚጢ ነገሩን ስትሰማ አልዘለለችም፣ አላቀፈቻቸውም። ዩኒፎርሙን አንስታ አሳየቻቸው። «ስሜን እኮ ግማሹን ፈትቼዋለሁ» አለች፣ ጥፋት እንደሠራ ልጅ።

«መልሼ እጽፈዋለሁ» አለች እናቷ። «ጫማሽን አድርጊ።»

ኮሌጁ ቢሮ ሰልፍ አልነበረም። ይህ ራሱ ሹፌሩን አስፈራው፤ ደጋግሞ ዙሪያውን ያይ ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሒሳብ ተቀባይ ገንዘቡን ተቀብሎ ሲያበቃ ወደ እነሱ ጎንበስ አለ።

«ዛሬ የመጣችሁት ሦስተኛ ናችሁ። ተመላሽ እንደማይሆን ታውቃላችሁ አይደል?»

«እናውቃለን» አለ ሹፌሩ።

«እኔ ግዴታዬ ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።»

«ተነግሮናል። ምታው ማህተሙን።»

ማህተሙ ተመታ። ሚጢ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መልሳ አወጣችው። አባቷ «ያው ነው፣ አይለወጥም» አላት። ሦስቱም ትንሽ ሳቁ።

ሲመለሱ ሰፊዋ ወደ ክር ሻጩ ሱቅ ጎራ አለች፤ አባትና ልጅ ቀድመው ሄዱ። ክር ሻጩን ሰፈሩ «መነፅር» ይለዋል፣ ከሁለቱ መስታወት አንዱ ከወደቀበት ቢቆይም ፍሬሙን ስለማያወልቅ። ሰፊዋን ሲያያት እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ።

«አንድ ነጭ፣ አይደል?»

«ሰማያዊ ነው የምፈልገው።»

«አንድ ሰማያዊ» አለና አወረደ።

«ፓኮውን ስጠኝ።»

መነፅር ጥቅሉን እንደያዘ ቆመ። «ፓኮውን ማለት?»

«ሙሉውን። ነጭም ጨምርልኝ፣ እሱንም በፓኮ።»

ሰውዬው በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጥቅል በአንድ ቀን ሸጦላት አያውቅም። ወደ በሩ ሄደ፣ ግራና ቀኝ አየ፣ ተመለሰ። በጠረጴዛው ላይ ተሻግሮ በአንዱ መስታወት አፈጠጠባት።

«ምን ሰማሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ምንም አልሰማሁም።»

«ንገሪኝ እንጂ የኔ እህት፣ ጎረቤት አይደለንም? ሊጠፋ ነው? መንገድ ሊዘጋ ነው?»

«ምንም አልሰማሁም አልኩህ። የልጄን ስም ልጽፍበት ነው፤ የቀረው ለሥራ ይሆነኛል።»

መነፅር ራሱን በዝግታ ነቀነቀ፣ ምስጢሯን እንደማያወጣባት ሊነግራት ፈልጎ። ሁለቱን ፓኮ በላስቲክ አድርጎ ሰጣት፣ ሒሳቡን ተቀበላት፣ መልሱን ሳይሰጣት ወደ መደርደሪያው ዞረ። የቀሩትን ክሮች እያወረደ ከጠረጴዛው ሥር ሲደብቅ ትንሽ አየችውና መልሷን ራሷ ከመሳቢያው አንስታ ወጣች።